ራሱን የሚያስተካክል መለኪያ ይታመናልን?

(ስለ ድምፅ ካርድ ኦሲሎስኮፕ በራዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)



የሰው ልጅ በዓይኑ የማያየውን ነገር ለማወቅ ሲፈልግ መለኪያ ያበጃል። ሙቀትን በቴርሞሜትር ይለካል፤ ክብደትን በሚዛን ይመዝናል፤ እህልን በቁና ይሰፍራል። መለኪያ የተባለ ነገር ሁሉ ግን አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው፤ ይኸውም የሚለካው ነገር ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ መለኪያው ራሱ ባለበት መጽናቱ ነው። እህሉ በበዛ ቁጥር የሚሰፋ፣ እህሉም ባነሰ ቁጥር የሚጠብ ቁና ቢኖር፣ ባለቤቱ ጎተራውን ሁሉ ሰፍሮ ሲጨርስ ምንም አላወቀም። ሁልጊዜ «አንድ ቁና ሙሉ» ይላል እንጂ ምን ያህል እህል እንዳለው ሊናገር አይችልም።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ ቁና ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነው። በአሁኑ ዘመን ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ወጣቶችና በራዲዮና በማጉያ ጥገና የሚተዳደሩ ባለሙያዎች፣ ኦሲሎስኮፕ የተባለውን ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ሲያንሳቸው፣ በእጃቸው ያለውን ኮምፒዩተር በድምፅ ካርዱ አማካይነት ወደ ኦሲሎስኮፕነት ይለውጡታል። ይህ የሚመሰገን ብልሃት ነው። ነገር ግን የድምፅ ካርዱ በር ጠባብ ስለ ሆነ፣ የሚገባውን ኤሌክትሪክ መጠን ራስ በራስ የሚያስተካክል መሣሪያ በበሩ ላይ ማቆም ይጠቅማል። ይህ አስተካካይ በደንቡ ካልተሠራ ከላይ እንደ ጠቀስነው ቁና ሆኖ ባለቤቱን ያሳስታል፤ ከዚህም አልፎ ካርዱን ያቃጥላል። ስለዚህ ራሱን የሚያስተካክል መለኪያ በምን ሁኔታ ሊታመን እንደሚችል ደረጃ በደረጃ እንመረምራለን።

ኦሲሎስኮፕ ምንድን ነው?

ተራው የቮልት መለኪያ የሚነግረን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር መጠኑን በጥቅል ይገልጻል እንጂ መልኩን አያሳይም። ኦሲሎስኮፕ ግን ይህንኑ መውጣትና መውረድ በመስመር ሥሎ ከፊታችን ያቀርብልናል። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ርቀት ጊዜን፣ ከታች ወደ ላይ ያለው ከፍታ ቮልትን ያመለክታል። ሐኪም የልብን አመታት በወረቀት ላይ ተሥሎ አይቶ የበሽታውን ዓይነት እንደሚለይ ሁሉ፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም የሞገዱን መልክ አይቶ የተበላሸውን ክፍል ይለያል።

የዚህ መሣሪያ መሠረት የጣሉት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ናቸው። እርሳቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ሳሉ፣ አየር በተመጠጠለት የመስታወት ቧንቧ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር እየመሩ፣ የኤሌክትሪክን መወዛወዝ በሚያበራ ገጽ ላይ ለማሳየት ቻሉ። እኚሁ ሊቅ በ1909 ዓ.ም. ስለ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሥራቸው ከማርኮኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የድምፅ ካርድ እንዴት ኦሲሎስኮፕ ይሆናል?

የድምፅ ካርድ የተሠራው የሰውን ንግግርና ሙዚቃን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ነው። ሥራውም እንዲህ ነው። በመግቢያው የሚደርሰውን ቮልት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልክ በቁጥር ይመዘግባል። እነዚህ ቁጥሮች ለድምፅ ማጉያው ተሰጥተው ድምፅ እንዲሆኑ ከማድረግ ይልቅ፣ በአንድ ፕሮግራም አማካይነት በስክሪኑ ላይ እንደ መስመር ቢሣሉ ኦሲሎስኮፕ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ ግን ወሰን አለው። ሃሪ ናይክዊስት በ1928 ዓ.ም.፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ዓ.ም. ባወጧቸው ጽሑፎች እንደ ታወቀው፣ አንድን ሞገድ በናሙና ለመያዝ ከተፈለገ ናሙናው ከሞገዱ ድግግሞሽ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን ይኖርበታል። እንግዲህ በሴኮንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ ካርድ ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለውን ሊያሳይ አይችልም። በተግባር የሚያገለግለው የሰው ጆሮ በሚሰማው ክልል፣ ማለት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ከዚህም በቀር በበሩ ላይ ያለው ካፓሲተር ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ስለሚያግድ የባትሪን ቮልት ለመለካት አያገለግልም። ስለዚህ የድምፅ ማጉያን፣ የማይክሮፎንን፣ የቴፕንና የመሳሰሉትን ሥራ ለመመርመር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ሰው ሌላ መሣሪያ ይፈልግ።

ስለ በሩ ጠባብነት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንቅረብ። የድምፅ ካርድ የሚቀበለው ቮልት እጅግ ጥቂት ነው። ከሌላ የድምፅ መሣሪያ የሚመጣውን የሚቀበለው መግቢያ አንድ ወይም ሁለት ቮልት ያህል ሲችል፣ የማይክሮፎኑ መግቢያ ግን የሚችለው በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጠጋኙ ሊመለከተው የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ዛሬ ጥቂት ሚሊቮልት፣ ነገ ሃያ ቮልት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁለት ዓይነት ችግር ይመጣል።

የመጀመሪያው ችግር የመትረፍረፍ ነው። የሚገባው ቮልት ካርዱ ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ካርዱ የመጨረሻውን ትልቅ ቁጥር መዝግቦ በዚያው ይቆማል። በዚህም ጊዜ የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያይ ጠጋኝ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ጤነኛውን ማጉያ ፈትቶ ደህናውን ዕቃ ይለውጣል፤ ባለንብረቱንም ያለ አገባብ ያስከፍላል። የተቆረጠው ግን በማጉያው ውስጥ ሳይሆን በመለኪያው በር ላይ ነበር።

ሁለተኛው ችግር የማነስ ነው። ባለ 16 ቢት ካርድ ከታች እስከ ላይ 65,536 እርከኖች አሉት። የሚገባው ሞገድ ካርዱ ከሚችለው አንድ ሺኛው ብቻ ቢሆን፣ ከነዚህ እርከኖች ውስጥ የሚጠቀመው 65 ያህሉን ብቻ ነው። መስመሩም እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ይሆናል፤ የካርዱ የራሱ ጫጫታም ከሞገዱ ጋር እየተቀላቀለ መልኩን ያደፈርሰዋል።

ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ የሚገባውን ቮልት ከበሩ ስፋት ጋር ለማስማማት አስቀድሞ ይቀንሳል ወይም ያጎላል። ይህን በእጅ ማድረግ ይቻላል። ሰው ግን ይዘነጋል፤ ሁለቱም እጆቹ በሥራ ተይዘው ሳለ ቁልፍ ማዞር አይመቸውም። ሥራውን ራስ በራስ የሚፈጽም መቆጣጠሪያ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናስጠነቅቅ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በስክሪኑ ላይ የሚታየውን መስመር ራስ በራስ እያሳነሱ ወይም እያሳደጉ ከመስኮቱ ጋር ያስማሙታል። ይህ ለዓይን የሚመች ነው እንጂ የመግቢያውን መጠን መቆጣጠር አይደለም። ሞገዱ ወደ ቁጥር በሚለወጥበት ቦታ ጫፉ ተቆርጦ ከሆነ፣ በኋላ በስክሪኑ ላይ ማሳነስ የተቆረጠውን አይመልሰውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው። እውነተኛው መቆጣጠሪያ መቆም ያለበት ከካርዱ በፊት ነው።

ለጆሮ የተሠራው መቆጣጠሪያ

መጠንን ራስ በራስ የመቆጣጠር ሐሳብ ከራዲዮ ሙያ የመጣ ነው። በአጭር ሞገድ የሩቅ አገር ጣቢያ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይጎላል፤ አንዳንድ ጊዜም ደክሞ ይጠፋል። ይህም የሚሆነው ሞገዱ በሰማይ ላይ ካለው በኤሌክትሪክ ከተሞላው የአየር ሽፋን እየነጠረ ስለሚመጣና ያም ሽፋን ስለሚለዋወጥ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ዊለር በ1925 ዓ.ም. ገደማ ለዚህ ችግር መፍትሔ አገኙ። የመጣው ሞገድ ሲበረታ ማጉያው ራሱን እንዲቀንስ፣ ሲደክምም ራሱን እንዲያጎላ አደረጉት። በ1930ዎቹ ዓመታት ውስጥ ይህ ብልሃት በራዲዮኖች ዘንድ የተለመደ ሆነ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከማጉያው የሚወጣው ሞገድ በዳዮድ አልፎ አንድ ካፓሲተር ይሞላል። ሞገዱ በበረታ ቁጥር በካፓሲተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ቮልት ይጨምራል። ይህም ቮልት ወደ ኋላ ተመልሶ ማጉያውን ይገታዋል። ሞገዱ ሲደክም ካፓሲተሩ በሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ማጉያውም ይለቀቃል። እንዲህ እየሆነ የሚወጣው ድምፅ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ይኖራል።

ይህ ለጆሮ ታላቅ በረከት ነው። አድማጩ የሚፈልገው የዜናውን ቃል መስማት እንጂ ሞገዱ ስንት ማይክሮቮልት እንደ ነበረ ማወቅ አይደለምና። ለመለኪያ ግን ይኸው በረከት ወደ መርገም ይለወጣል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ጠጋኝ ያረጀ ማጉያ ቀረበለት እንበል። ማጉያው ከውስጡ አንድ ካፓሲተር ስለ ደከመ፣ በ1,000 ኸርዝ 3 ቮልት ሲያወጣ በ100 ኸርዝ ግን 1 ቮልት ብቻ ያወጣል፤ ማለት ወፍራሙ ድምፅ ሦስት እጅ ደክሟል። ጠጋኙ በራዲዮው ዓይነት መቆጣጠሪያ ባለው ኦሲሎስኮፕ ይህን ሲመለከት፣ መቆጣጠሪያው በ100 ኸርዝ ላይ የደከመውን ሞገድ ሦስት እጥፍ አጎልቶ ያሳየዋል። ሁለቱም መስመሮች በስክሪኑ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ። ጠጋኙም «ማጉያው ጤነኛ ነው» ብሎ በሽተኛውን ማጉያ ለባለቤቱ ይመልሳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። ግን ሊፈለግ የሚገባውን በሽታ ራሱ ሸፈነው።

እንደዚሁም የተመታ ደወል ድምፁ ቀስ በቀስ እየሞተ እንደሚሄድ፣ በኤሌክትሪክ ውስጥም ተነሥቶ እየደከመ የሚሄድ ሞገድ አለ። በምን ፍጥነት እንደሚደክም ማወቅ ለባለሙያው ብዙ ነገር ይገልጽለታል። የራዲዮው ዓይነት መቆጣጠሪያ ግን እየደከመ የሚሄደውን ሞገድ እየተከተለ ስለሚያጎላው፣ ሞት ያለበት ነገር የማይሞት መስሎ ይታያል።

ለመለኪያ የሚገባው መቆጣጠሪያ

ታዲያ ራስ በራስ መቆጣጠርን ጨርሶ መተው ይገባልን? አይገባም። ማረም ያለብን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መቆጣጠሪያው እንደ ውሃ እየፈሰሰ ሳይሆን በታወቁ እርከኖች ብቻ ይለወጥ። ሁለተኛ፣ በተለወጠ ቁጥር አሁን በየትኛው እርከን ላይ እንዳለ ለሠራተኛው ይናገር። ነጋዴ ቁናውን ትቶ በሌላ መስፈሪያ ቢሰፍር ማታለል አይደለም፤ መስፈሪያውን መለወጡን ካልተናገረ ግን ማታለል ነው።

እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ከፋፋዩ፣ ጠባቂው፣ ወሳኙና ነጋሪው ናቸው።

ከፋፋዩ በሬዚስተሮች የተሠራ ሆኖ የሚገባውን ቮልት በታወቀ ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ 90,000 ኦምና 10,000 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ተከታትለው ቢቀጠሉና ቮልቱ ከትንሿ ሬዚስተር ላይ ቢወሰድ፣ የሚገኘው የገባው አንድ አሥረኛ ነው። በዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የድምፅ ካርዱ መግቢያ ራሱ እንደ ሬዚስተር ይቆጠራል። የካርዱ መግቢያ 10,000 ኦም ቢሆን ከትንሿ ሬዚስተር ጋር ጎን ለጎን ስለሚቆም፣ ሁለቱ በአንድነት 5,000 ኦም ይሆናሉ፤ የሚገኘውም አንድ አሥረኛ መሆኑ ቀርቶ አንድ አሥራ ዘጠነኛ ይሆናል። ስለዚህ በከፋፋዩና በካርዱ መካከል ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር የተባለውን ዕቃ፣ ሳያጎላና ሳይቀንስ የሚያስተላልፍ መካከለኛ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል።

ጠባቂው ከከፋፋዩ የሚወጣውን ሞገድ ጫፍ ዘወትር ይከታተላል። ወሳኙ የጠባቂውን ወሬ ተቀብሎ፣ በሪሌይ ወይም በኤሌክትሮኒክ ማብሪያና ማጥፊያ አማካይነት እርከኑን ይለውጣል። ነጋሪው ደግሞ የተመረጠውን እርከን ያሳውቃል። ይህም በሦስት ትንንሽ መብራቶች ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተሻለው ግን ወሬው ወደ ኮምፒዩተሩ ደርሶ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የቮልት ቁጥር አብሮ እንዲለወጥ ማድረግ ነው። ብዙ ካርዶች የግራና የቀኝ ተብለው ሁለት መግቢያ ስላላቸው፣ አንዱ ሞገዱን ሲቀበል ሌላው የእርከኑን ምልክት ሊቀበል ይችላል። ለምሳሌ 1,000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የመጀመሪያውን፣ 2,000 ኸርዝ ሁለተኛውን፣ 3,000 ኸርዝ ሦስተኛውን እርከን እንዲያመለክት ቢደረግ፣ ፕሮግራሙ ይህን አንብቦ ቁጥሩን ያስተካክላል።

ወሳኙ እንዳይወላውል

የመቆጣጠሪያው ጥበብ በይበልጥ የሚታየው በወሳኙ ላይ ነው። ሦስት እርከኖች አሉን እንበል፤ እነርሱም እስከ 100 ሚሊቮልት፣ እስከ 1 ቮልትና እስከ 10 ቮልት የሚቀበሉ ናቸው። ሞገዱ የእርከኑን 90 በመቶ ሲያልፍ ወሳኙ ወደሚቀጥለው ሰፊ እርከን ይዛወር። በተዛወረ ጊዜ ያው ሞገድ የአዲሱ እርከን 9 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ጠባቡ እርከን የመመለሻውን ወሰን 10 በመቶ ብናደርገው ምን ይሆናል? ሞገዱ 9 በመቶ ስለ ሆነ ወሳኙ ወዲያው ይመለሳል፤ በተመለሰ ጊዜ እንደገና 90 በመቶ ሆኖ ያገኘዋል፤ እንደገናም ይወጣል። እንዲህ እያለ ሪሌዩ ያለ ዕረፍት ሲንኳኳ ይውላል፤ በስክሪኑ ላይም የሚነበብ ነገር አይኖርም። መፍትሔው የመመለሻውን ወሰን ከ9 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ 7 በመቶ ላይ መትከል ነው። የመውጫው ደጃፍና የመመለሻው ደጃፍ የተራራቁ ሲሆኑ ወሳኙ ይረጋል።

ሞገዱ 7 በመቶ ድረስ ሲወርድ በጣም አያንስምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በባለ 16 ቢት ካርድ ከመካከል ወደ ላይ ያሉት እርከኖች 32,768 ስለ ሆኑ፣ 7 በመቶው ከ2,000 በላይ ነው። ይህ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ጊዜም ማሰብ ይገባል። መትረፍረፍ አደጋ ስለ ሆነ ወደ ሰፊው እርከን የሚደረገው ዝውውር ሳይዘገይ መፈጸም አለበት። ወደ ጠባቡ መመለስ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። 20 ኸርዝ የሆነ ሞገድ አንዱን ዙር ለመጨረስ 0.05 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጠባቂው ከዚህ ባነሰ ጊዜ ውስጥ «ሞገዱ ደክሟል» ብሎ ቢፈርድ፣ በሞገዱ መካከል ያለውን መውረድ እንደ ድካም ቆጥሮታል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሴኮንድ ያህል፣ ማለት ሃያ ዙር፣ ጠብቆ ቢመለስ መልካም ነው። እንደ ሰዓት ምት እየቆየ ብቅ የሚል ሞገድ ግን ከዚህም የረዘመ ዝምታ አለው። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሠራተኛው መቆጣጠሪያውን አስቁሞ እርከኑን በእጁ የሚመርጥበት ቁልፍ መኖር አለበት። ራስ በራስ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሰው እጅ የሚያቆመው ቁልፍ ቢኖረው ይመረጣል።

ደግሞም መሣሪያው በተከፈተ ጊዜ ሁልጊዜ ከሰፊው እርከን ይጀምር። እርከን በሚለወጥበት ቅጽበት የተመዘገበው መስመር ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ልክ የተለካ ስለ ሚሆን፣ ፕሮግራሙ ያን መስመር ይጣለው እንጂ ለዓይን አያቅርበው።

ስለ በር ጠባቂውና ስለ ሰው ሕይወት

ራስ በራስ የሚሠራው መቆጣጠሪያ ምንም ቢፈጥን፣ ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልት ይቀድመዋል። ስለዚህ ካርዱን የመጠበቅ ሥራ ለእርሱ ብቻ አይተውም። ከሁሉ በፊት አንድ ትልቅ ሬዚስተር፣ ከእርሱም ቀጥሎ ፊትና ኋላ የተገጣጠሙ ዳዮዶች መቆም አለባቸው። የሲሊኮን ዳዮድ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ያህል ሲደርስበት መንገድ ከፍቶ ትርፉን ወደ ግራውንድ ይለቀዋል። ሬዚስተሩ 100,000 ኦም ቢሆን፣ በስሕተት 100 ቮልት ቢነካው እንኳ የሚያልፈው 1 ሚሊአምፔር ብቻ ስለ ሆነ ዳዮዱ በቀላሉ ይችለዋል። ነገር ግን ዳዮዱ መንገድ መክፈት የሚጀምርበት ልክ፣ ሞገዱ በዚያ ቦታ ከሚደርስበት ትልቁ መጠን ከፍ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠባቂው ራሱ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። አንድ ዳዮድ ካልበቃ ሁለት ሁለቱን ማከታተል ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሰው ሕይወት ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። የድምፅ ካርዱ ግራውንድ ከኮምፒዩተሩ አካል ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የግራውንዱን መያዣ ፌዝ ካለበት ክፍል ጋር ቢያገናኘው፣ ኤሌክትሪኩ በኮምፒዩተሩ አካል አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሩ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አካሉ ፌዝ ሆኖ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። በቻርጀሮችና በቴሌቪዥኖች ውስጥ ያለው፣ ከሶኬቱ ጋር በቀጥታ የተገናኘው የኃይል ክፍልም እንዲሁ ገዳይ ነው። ከፋፋይ አለኝ፣ ዳዮድ አለኝ፣ መቆጣጠሪያዬ ራሱን ያስተካክላል ብሎ በድምፅ ካርድ ኦሲሎስኮፕ ወደ እነዚህ ክፍሎች መቅረብ ፈጽሞ አይገባም። ለምርመራውም ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ካርድ ይልቅ በዩኤስቢ የሚሰካውን ርካሽ ካርድ መጠቀም ይሻላል። ድንገት ቢቃጠል ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይቀራል፤ ነገር ግን እርሱም ከሶኬት ኤሌክትሪክ የሚያድን አይደለም።

የተሸሸገውን መቆጣጠሪያ ስለ መፈለግ

ምንም ዓይነት መቆጣጠሪያ ያልሠራ ሰው «ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። ይመለከተዋል። ብዙ ኮምፒዩተሮች ለስልክ ንግግር እንዲመቹ ተብሎ፣ የማይክሮፎኑን መጠን ራስ በራስ የሚያስተካክልና ጫጫታን የሚቀንስ ፕሮግራም በውስጣቸው አለ። ባለቤቱ ሳያውቀው ሥራ ላይ ያለው ይህ የራዲዮው ዓይነት መቆጣጠሪያ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ የድምፅ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ እነዚህን ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል።

መጥፋታቸውንም በቀላል ፈተና ማረጋገጥ ይቻላል። በአንድ ስልክ 1,000 ኸርዝ የሆነ የማይለዋወጥ ድምፅ ይውጣና ሞገዱ በከፋፋዩ በኩል ወደ ካርዱ ይግባ። ከዚያም የስልኩ ድምፅ ይቀነስ። በስክሪኑ ላይ ያለው ከፍታ ቀንሶ በዚያው ቢጸና መለኪያው ታማኝ ነው። ቀንሶ ሳለ ቀስ በቀስ እያደገ ወደ ቀድሞው ከፍታ ቢመለስ ግን የተሸሸገ መቆጣጠሪያ አለ ማለት ነው። አሥር ሴኮንድ ያህል በትዕግሥት መመልከት ይበቃል።

የመጨረሻው ሥራ ልክን ማስተካከል ነው። ስልኩ 100 ኸርዝ የሆነ የጠራ ሞገድ ያውጣ፤ ቮልቱም በመልቲሜትር ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መለኪያ ይለካ። መልቲሜትሩ 0.5 ቮልት ቢል፣ የሞገዱ ጫፍ ከመካከል 0.71 ቮልት፣ ከታች እስከ ላይ ደግሞ 1.41 ቮልት መሆኑ ይታወቅ፤ የስክሪኑም ቁጥር ከዚህ ጋር ይስማማ። ይህ ለእያንዳንዱ እርከን ለየብቻው፣ ለእርከኑ በሚስማማ መጠን ይደረግ።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በርእሳችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ራሱን የሚያስተካክል መለኪያ በታወቀ እርከን ሲለወጥ፣ መለወጡንም ሲናገር ይታመናል። በዝምታ የሚያስተካክል ግን ለጆሮ ደስታ ይሁን እንጂ ለምርመራ አይሁን። የሰው ገንዘብና የሰው ንብረት በጠጋኝ እጅ ሲገባ፣ ባለቤቱ የሚያምነው መሣሪያውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ቁናውን ይመርምር።